እትዬ መዶሻ የመሠረተችው ቤት

እህቴ መዶሻ የተባለችው ባሏ በሞተበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት እንደ ማንኛውም ሰው ስም ነበራት። ከዚያ ወዲህ ግን ሰፈሩ «እትዬ መዶሻ» አላት፣ እኔም ታናሽ ወንድሟ ሆኜ ሳለሁ አፌ ያንኑ ለመደ።

ሦስታችንም የምንሠራው ቄራ ነበር። ባሏ ከብቱን ግንባሩን በመዶሻ ብሎ ይጥላል፣ እሷ ቆዳ ትገፍፋለች፣ እኔ ብልት አወጣለሁ። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ኮርማ ገመዱን በጥሶ ባሏን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ቀንዱ ሆዱ ውስጥ ገባ፤ ሲወጣም ባዶውን አልወጣም። እኔ ከወዲያኛው ክፍል ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ ወንዶች እንደ ዶሮ አጥር ላይ ሰፍረዋል። ወለሉ ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ከባሏ እጅ የወደቀውን መዶሻ አንሥታ ኮርማውን ግንባሩን አለችው። ተንበረከከ። ደገመችው፣ ተዘረጋ። እዚያ ላይ ይበቃ ነበር። እሷ ግን አላቆመችም። ኮርማውም ሞቶ፣ ባሏም ሞቶ፣ እሷ ትመታ ነበር። ከኋላዋ እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ፤ በክርኗ ብላኝ የፊት ጥርሴን ያጣሁትም ያኔ ነው።

ይህን የማወራው በጉልበቷ ልፎክር ብዬ አይደለም። ኋላ የካቶሊክ ሲስተሮች፣ የመነኮሳት፣ ማኅበር የመሠረተችው ይህችው ሴት ስለሆነች ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፣ ይሳቅ። ሲስተር ሲባል አንገቷን የደፋች፣ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት የሚታየው ሰው እህቴን አላያትም።

ባሏን ከቀበርን በኋላ ከቄራው ወጥተን ሥጋ ቤት ከፈትን። እትዬ ማልዳ ቅዳሴ ሳትሰማ ቢላዋ አትስልም። ቆርባ ትመጣለች፣ ሽርጧን ታስራለች፣ ከዚያ አጥንት ትከሰክሳለች። አፉን የሚከፍትባት ሰው ከተገኘ ግን ቅዳሴውም አይመልሳትም። አንድ ሰካራም ደላላ መቀመጫዋን ቸብ ቢያደርግ በጥፊ ብላው ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተንከባለለ። ከዚያ በኋላ ሰላም የሚላት ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በልብስ ሰፊዋ ነው። ከኛ ሁለት ቤት አልፋ ትሰፋ የነበረች ቀጭን ልጅ ናት። ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ትኖር ነበር፤ መኖር ከተባለ። በቤተ ክርስቲያን አልተጋቡም፣ እሱም ለዚያ ጊዜ አልነበረውም፤ ጊዜ የነበረው ለመደብደብ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መንጋጋዋ ተንጋዶ፣ ደሟ እስከ ደረቷ ወርዶ፣ ወደ ሱቃችን ሮጣ ገባችና ከተሰቀለው ሥጋ ጀርባ ቆመች። ሹፌሩ ቀበቶውን በእጁ ጠቅልሎ ተከተላት።

«የኔን ሰው አምጪ» አላት እህቴን።

«እዚህ ያለው የበሬ ሥጋ ነው» አለችው። «የሰው አንሸጥም።»

ገፍቷት ሊያልፍ ሞከረ። ቡጢዋን ጎድኑ ላይ ስታሳርፍ የተሰማው ድምፅ የደረቀ ፍልጥ ሲሰበር ነው የሚመስለው። በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ከኛ ጓዳ አደረች፤ አድራም ቀረች።

ወሬ ክንፍ አለው። ከእሷ በኋላ የገዛ ወንድሟ ፊቷን በፈላ ውሃ ያቃጠላት ልብስ አጣቢ መጣች። እሷን ልታክም የመጣችው ነርስ ደግሞ ብቸኛ ሴት ነበረችና ሻንጣዋን ይዛ ተጠቃለለች። ጓዳው ጠቦን ከሱቃችን ማዶ አንድ የቀድሞ ወፍጮ ቤት ተከራየን፤ ብትጠርገው ብትጠርገው ከግድግዳው ስንጥቅ ዱቄት የሚረግፍ፣ ግቢው ግን ሰፊ የሆነ። ሴቶቹ ጠዋት አብረው ይጸልያሉ፣ ቀን ይሠራሉ፣ ማታ መቁጠሪያ ይደግማሉ። አንድ ቀን እትዬ ሥጋ እየመዘነች «እኛ እኮ ማኅበር ነን። የቀረን የምንኩስና መሐላው ብቻ ነው» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ዓይኗን ሳየው ሳቄን ዋጥኩት።

የቁምስናችን፣ የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን፣ አባ ጉዳዩን ሲሰሙ ሳል ያዛቸው። እሷ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ናት። እኔን አስከትላ ጳጳሱ ዘንድ ገባች። ጳጳሱ ፊታቸው የዋህ፣ ጆሯቸው ግን ሁሉን የሚሰማ ሽማግሌ ነበሩ።

«ልጄ» አሏት፣ «ባለፈው ወር ስንት ሰው መታሽ?»

«ባለፈው ወር? ሁለት» አለች። «አንደኛው ግን ብፁዕ አባታችን፣ አዳልጦት ነው የወደቀው።»

«መሥራቿ የምትደባደብበት ቤት የመነኮሳት ማኅበር አይባልም፣ ቡጢ መማሪያ ነው» አሏት። «ሥራችሁን አውቃለሁ፣ እግዜር ይባርከው። እንግዲህ ስሚኝ። ለአንድ ዓመት እጅሽን ሰብስቢ። ዓመቱ ሲያልቅ መርማሪ እልካለሁ። እጅሽ በማንም ላይ ካልተነሣ የሁላችሁንም መሐላ ራሴ እቀበላለሁ። ከተነሣ ግን ነገሩ ይቀራል።»

«ቢመቱኝስ?»

«ለአንቺ የሚከብድሽ እሱ ነው። እኔም የጠየቅሁሽ እሱን ነው።»

ቀለበታቸውን ስማ ወጣች። ደረጃው ላይ ደርሳ ሁለት እጆቿን እያገላበጠች አየቻቸው። «እነዚህን ምን ላድርጋቸው?» አለችኝ። በሕይወቷ ሙሉ እንደዚያ ቀን ፈርታ አላየኋትም። ያንን መሐላ ከባሏ ይልቅ፣ ከሥጋ ቤቱም ይልቅ ትፈልገው ነበር፤ የምትፈልገው ደግሞ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከኮርማው ቀን ጀምሮ ራሷን ትፈራ ነበር።

ያን ዓመት ደንባቸውን አወጡ። ከድሮ ገዳማት ልማድ እትዬ አንዱን ወሰደች፦ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዷ ተራ በተራ መሃል ቆማ የሳምንቱን ጥፋቷን በሁሉ ፊት ትናገራለች። የሌላዋን ጥፋት መናገር ክልክል ነው፤ ለተናገረችዋ መልስ መስጠትም ክልክል ነው። በዚህ ላይ እትዬ ከራሷ አንድ ጨመረች፦ እንግዳ ቢኖርም አይዘለልም። ነርሷ «ገመናችንን ለባዕድ?» ብላ ብትከራከራት፣ «ሥጋ የምንቆርጠው ገበያተኛው እያየ ነው። ጓዳ ገብቶ የሚቆርጥ ባለሥጋ ሌባ ነው» አለቻት። በዚህም አለቀ።

የጳጳሱ ትእዛዝ ሹፌሩ ጆሮ ደረሰ። የእትዬ እጅ እንደታሰረ ሲያውቅማ ጀግና ሆነ። መስኮት በድንጋይ ሰበረ። የሞተ ውሻ በር ላይ ጣለ። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ መንገድ ላይ አስቁሟት በሰው ሁሉ ፊት በጥፊ መታት፤ ደግሞም ተፋባት። አጠገቧ ነበርኩ፤ ልዘልበት ስል ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ፤ የጣቶቿ ሰንበር ሳምንት ሙሉ ክንዴ ላይ ነበር። ምራቁን ጠርጋ ሱቅ ገባች። መጥረቢያውን አንሥታ የበሬ ጭን ስትከሰክስ፣ ስትከሰክስ፣ ሥጋ የሚከተፍበት ጉማድ ለሁለት ተሰነጠቀ። እኔ ሌላ ጉማድ ፍለጋ ወጣሁ።

እንዲህ እያለች ዓመቱን ገፋችው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሴቶቹ የጠዋት ጸሎት ላይ እያሉ፣ ሹፌሩ በጓሮ አጥር ዘሎ ገባ። ልብስ ሰፊዋ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ፀጉሯን ይዞ ግቢው መሃል ድረስ ጎተታት። ከዚያ የቀኝ እጇን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ በጫማው ረገጠው። «አሁን ስፊያ» ይላል፤ «አሁን ስፊያ» ይላል፤ ይረግጣል። ጩኸቷን ከሱቅ ሆኜ ሰምቼ ሮጥኩ። ስገባ እትዬ ደርሳበት ነበር።

የመጀመሪያው ቡጢ መንጋጋውን አገኘው። የሰውየው ፊት ወደ ጎን ሄዶ እዚያው ቀረ። ወደቀ። ልብስ ሰፊዋ ነጻ ወጣች፣ ነርሷም አቅፋት ወደ ቤት አስገባቻት። እዚያ ላይ ይበቃ ነበር። እህቴ ግን ደረቱ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። መታችው። እጁን ሲያነሣ እጁን መታችው። «በቃኝ» ሲል አፉን መታችው። ደሙ ፊቷ ላይ ይረጫል፣ እሷ አትጠርገውም። እኔና ልብስ አጣቢዋ ተረዳድተን ስናነሣት ሰውየው ትንፋሹ ያንኮራፋ ነበር። እሷ ደግሞ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ፈገግ ብላ ነበር።

ሹፌሩ ሆስፒታል ሲተኛ መኪና ገጨኝ አለ። ሴት ደበደበችኝ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ወንድ እሱ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን የምናውቀው ግቢው ውስጥ የነበርን ብቻ ነን። የዚያኑ ቀን ለቁምስናው አባ ተናዘዘች፤ እሳቸውም ፈቷት። የኑዛዜ ነገር ደግሞ መቃብር ነው፣ አይወጣም። እኔ እፎይ አልኩ።

በማግስቱ መርማሪው መጡ። እያንዳንዱን ቃል መዝነው ስለሚናገሩ ሴቶቹ «አባ ሚዛን» ብለው ስም አወጡላቸው። ጓዳውን አዩ፣ ጸሎቱን ሰሙ፣ ልብስ አጣቢዋ ስትዘምር ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የልብስ ሰፊዋን በፋሻ የታሰረ እጅ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቋት። እሷም ማን እንደረገጠው ነገረቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ግን አልጠየቋትም፣ አልነገረችም። ሁሉም መልካም ነበር። ነገር ግን ዓርብ ነገ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። «እትዬ፣ በናትሽ። ለእግዜር ነገርሽ፣ ይቅር አለሽ። ከእግዜር በላይ ለማን ነው የምትናገሪው?»

«ተነሺ ልጄ» አለቻት። «ጉልበትሽ ይጎዳል።»

እኔ ግን መለማመጥ አልችልበትም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሻል» አልኳት። «እነዚህ ሴቶች ያንቺን ቤት አምነው ነው የተጠጉት። ነገ ጳጳሱ ይህን ነገር ቢያፈርሱት የት ሊገቡ ነው? ወደዚያ ከብት?»

«ደንቡን ማን አወጣው?» አለችኝ።

«አንቺ።»

«ሌላዋ ብትደብቅ ምን እላታለሁ?»

«ምንም አትያትም፤ አታውቂማ።»

«እሱ ነው እኮ የከፋው» አለችና ቢላዋዋን መሳል ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች።

ዓርብ ከሰዓት ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አባ ሚዛን አንድ ወንበር ተሰጣቸው፤ እኔ ዱቄት በሚረግፈው ግድግዳ በኩል በር ላይ ቆሜያለሁ። ነርሷ በበሽተኛ ላይ መቆጣቷን ተናገረች። ልብስ አጣቢዋ ስኳር ሰርቃ መላሷን ተናገረች። ልብስ ሰፊዋ ቆማ «ፈርቻለሁ» ብቻ ብላ ተቀመጠች። እትዬ ተነሣች። ሽርጧን አልፈታችም ነበር።

«በዚህ ሳምንት ሰው ደብድቤያለሁ» አለች። «እህታችንን እየረገጠ ነበር፤ መትቼ ጣልኩት። በዚህ አልጸጸትም፣ ዋሽቼ እጸጸታለሁ አልልም። ከወደቀ በኋላ ግን መታሁት። በቃኝ እያለኝ መታሁት። ያን ጊዜ እሷን አልነበረም የማድነው። ጣፈጠኝ። ሰዎች ባያነሡኝ እገድለው ነበር፣ እሱም ይጣፍጠኝ ነበር። ጥፋቴ ይህ ነው።»

ተቀመጠች። ለተናገረችዋ መልስ መስጠት ክልክል ነውና ማንም ትንፍሽ አላለም። አባ ሚዛንም መነጽራቸውን አውልቀው ቆይተው ቆይተው ጠረጉት። እኔ ወጥቼ የግቢውን ግንብ በእግሬ ጠለዝኩት።

የጳጳሱ ቃል በሳምንቱ መጣ። አባ ሚዛን ራሳቸው ቆመው ነገሯት። ዓርብ የሆነው ነገር ቤቱ እውነተኛ መሆኑን ለጳጳሱ አሳይቷቸዋልና «ነገሩ ይቀራል» ያሉትን ትተውታል፤ ማኅበሩ ይጸናል፣ ሦስቱ ሴቶች መሐላቸውን ይገባሉ። «አንቺ ግን አትገቢም» አሏት። «ቤቱን ያዳነው አንደበትሽ ነው። አንቺን ያስቀረሽ ደግሞ እጅሽ ነው።»

«ፍርዱ ትክክል ነው» አለች። ከዚያ ሱቅ መጥታ ከተሰቀለው ሥጋ ጀርባ ገብታ አለቀሰች፤ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ።  ያቋቋመችው ቤት በራፍ ላይ አቁመዋት ሲገቡ ማየት ለኔም መረረኝ።

የመሐላው ቀን ወንበር የደረደረችው እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋ በጠመሙ ጣቶቿ የጳጳሱን እጅ ይዛ መሐላዋን ስትገባ፣ እትዬ ከምእመናን ጋር የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኋላም ልብስ ሰፊዋ የቤቱ እናት ሆና ተመረጠች። የመጀመሪያ ሥራዋ እህቴን በር ጠባቂ አድርጎ መቅጠር ነበር። «ዘበኛ ናት፣ መሐላ የለባትም፣ የመጣውን ትለጥልጥ» ብዬ ቀለድኩ። እትዬ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንቱ ሰካራም ባል፣ ስንቱ አባት፣ ስንቱ ወንድም እዚያ በር ላይ መጥቶ ፎክሯል። ገፍትረዋታል፣ ጸጉሯን ነጭተዋል፤ አንዱ ጣቷን ነክሷታል። እጇን አላነሣችም። የሚከለክላት አልነበረም፤ ማንም ቃል አላስገባትም። በሩን ይዛ መቆም ብቻ ነበር ሥራዋ። እኔ ከማዶ ሱቄ ሆኜ እያየሁ ደሜ ይፈላል፤ እሷ ማታ መጥታ ቁስሏን ስታጥብ «ዛሬም ዋልኩ» ትለኛለች፣ አንድ የከበደ ሸክም እንዳደረሰ ሰው።

ሹፌሩ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። መንጋጋው ጠሞ ድኖ ነበር፤ ያጣመመችው ሴት መሆኗም ውሎ አድሮ ታውቆበት መሳለቂያ ሆኗል። መንጃ ፈቃዱን ተቀምቷል፣ ሥራ የለውም። የዚያን ቀን የመጣው ለልብስ ሰፊዋ አልነበረም፣ ለእህቴ ነበር። በእጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል።

እኔ ያንን ጊዜ ጀርባዬን ሰጥቼ ሥጋ እሰቅል ነበር። ዞር ስል አየሁ። እትዬ ጀርባዋን ለብረት በሩ ሰጥታ ቆማለች፤ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ ልካ የበሩን ዘንግ ጨብጣለች። ሹፌሩ ትከሻዋን መታት። ዝቅ አለች እንጂ ዘንጉን አልለቀቀችም። ጎድኗን መታት። ራሷን መታት። መንገዱን ስሻገር መኪና ሊገጨኝ ነበር፤ «ምቺው» እያልኩ ነበር የምሮጠው፣ «እትዬ ምቺው»። ያች ኮርማ የጣለች ሴት አንዴ ብትሰነዝርለት ዳግመኛ አይነሣም ነበር። ስደርስ እጆቿ አሁንም ዘንጉ ላይ ናቸው። ሰውየውን የጣልኩት እኔ ነኝ። ፖሊሶቹ ሲያነሡኝ ሁለት ጣቶቼ ተሰብረው ነበር፤ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።

ሆስፒታል ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ አነጋገረን፣ እንደማትተርፍ ገባን። የቤቱ እናት፣ ያች ልብስ ሰፊ፣ ጳጳሱን በስልክ ለምና አስፈቀደችና አልጋዋ አጠገብ ተንበርክካ መሐላውን ቃል በቃል አስደገመቻት። እትዬ ከንፈሯ አብጦ ነበር፣ ግን ሁሉንም አለችው። ከዚያ ሌሎቹ ወጥተው እኔ ቀረሁ።

«ለምን አልመታሽውም?» አልኳት። ሊሞት ያለ ሰው እንዲህ አይጠየቅም፤ እኔ ግን ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም። «አንዴ ብቻ። አንዴ ቢሆን እግዜርም ባልተቀየመሽ።»

«አንዴ መምታት አልችልም» አለችኝ። «አንተ ታውቃለህ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች። ሲስተሮቹ በነጭ ልብሳቸው ገንዘው ከራሳቸው መቃብር ቀበሯት፤ ዛሬም ለአዲስ ገቢ ሴቶች ስለ እሷ ሲያስተምሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ አሸነፈች ይላሉ። እውነታቸውን ይሆናል። እኔ ግን ወንድሟ ነኝ፤ ተሸንፋ፣ ሰውየውን ገድላ፣ እስር ቤት ሆና ስንቅ ባመላልስላት እመርጥ ነበር።